የእማማ ድንቄ መርዶ

ገርጂ እማማ ድንቄ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ነጭ ጋውኔ ላይ ጥቁር ሹራብ ደርቤ ነበር። ክረምት ነው፣ ይበርዳል፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ዘበኛው ጋሽ ሞላ የብረቱን በር ገርበብ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ልጄ፣ እሱን አውልቂው» አሉኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «ጋሼ፣ እናንተ ቤት ፍተሻው እንዲህ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

ሳይመልሱልኝ አንዲት ሴት ከውስጥ እየሮጠች መጣች። አስቴር ናት፤ የእማማ ድንቄ ልጅ፣ የቀጠረችኝ እሷ ነች። «ሲስተር፣ በናትሽ ቶሎ በይ!» ብላ ሹራቡን ራሷ ከላዬ ላይ ገፈፈችው። ዘበኛ ቤት ይዛኝ ገባችና በሩን ዘጋች። ግድግዳው ላይ በየሚስማሩ ጥቁር ነጠላ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ ተሰቅሏል። ልቀልድ አልኩና ፊቷን አይቼ ተውኩት።

«ወንድሜ ለማ ሞቷል» አለችኝ። «እማዬ አታውቅም።»

ለማ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሾፌር ነበር። ያን ጊዜ አዲስ አበባ በሙሉ ግንባታ ላይ ናት፤ ብረቱም ዕቃውም ከወደብ ነው የሚመጣው፤ ሾፌር እንቅልፍ የለውም። አዋሽን እንዳለፈ መኪናው ተገለበጠ። ቀብሩ ተፈጽሟል። ለቅሶውም ሰሚት አስቴር ቤት ተቀምጠውታል። እናትየው ግን የልብ ድካም አለባቸው፣ ከሆስፒታል ከወጡም ገና መሆናቸው ነው። ሐኪማቸው ድንጋጤ እንዳያገኛቸው ብሎ ስለነበር ቤተሰቡ ተመካክሮ ደበቃቸው። ለማ ጅቡቲ ነው፤ ወደብ ላይ ወረፋ ይዞታል፤ ስልኩ ጠፍቶበታል። የሚባለው ይህ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

«ካወቀች ትሞታለች» አለችኝ አስቴር። «ጥቁር የለበሰ ሰው እንዳይገባባት። አደራሽን።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሹራቤን ይዤ እግሬ አውጪኝ ልል ነበር። ፈሪ ነኝ። ከዚያ በፊት በመንግሥት ሆስፒታል ሜዲካል ዋርድ፣ የውስጥ ደዌ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል፣ ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ አንድ የልብ ሕመምተኛ፣ ጎልማሳ ሰው፣ ጠያቂዎቹ የወንድሙን ሞት ሲያንሾካሹኩ ሰማ። ከአልጋው ቀና አለ፣ እኔን አየኝ፣ ወደቀ። እኔ ደረቱን እየተጫንኩ፣ ሐኪሙ መርፌ እየወጋው፣ አልተመለሰም። ስለዚህ «ካወቀች ትሞታለች» ሲሉኝ ለኔ እንዲያው የወሬ አነጋገር አልነበረም።

እማማ ድንቄ መስኮቱ ሥር ባለ አልጋ ላይ በሦስት ትራስ ተደግፈው ነው ያገኘኋቸው። አጥሩን ተሻግሮ ጂ ፕላስ ሰባት ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የቤቶኔራው፣ የሲሚንቶ ማቡኪያው፣ ጩኸት አያባራም። «ያ ፎቅ የቆመበት የኛ ጤፍ ማሳ ነበር» አሉኝ ገና ስሜን ሳይጠይቁ። ኢምፔሪያል የሚባለው አደባባይ ሳይኖር፣ አካባቢው ገጠር ሳለ፣ እዚያው ተወልደው እዚያው ተድረው እዚያው ያረጁ ናቸው። ሲጸልዩም ሲቆጡም በኦሮምኛ ነው። ከኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ።

ገላቸውን ላጥብ ስል እምቢ አሉ። «የወለድኳት ልጅ እንኳ አይታኝ አታውቅም» አሉኝ። ግድ የለም አልኩና አንሶላውን ሳልገልጥ፣ በሥሩ እጄን አስገብቼ፣ አንድ ክንድ አጥቤ አድርቄ ሸፍኜ፣ ወደ ሌላው እያለፍኩ ጨረስኩ። ጀርባቸውን ሳገላብጥ የአልጋ ቁስል እንዳልጀመራቸው በጣቴ ዳሰስኩ። ሲያበቃ ፈገግ አሉ። «ጎበዝ ነሽ። ሰውን ሰው ታደርጊያለሽ» አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። ገላቸውን እንዲህ ሸፍኜ እያከበርኩ፣ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ እዋሻቸዋለሁ።

«ለማ ደወለ?»

«አልደወለም እማማ፤ ወረፋ ላይ ነው።»

«ኧረ ምን ዓይነት ወረፋ ነው እናንተዬ! መርከቡን ራሱ ነው እንዴ የሚጭነው?»

እስቃለሁ። የቤቱ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድው ይላል፤ የብረቱ በር ሲንኳኳ ከወንበሬ እነሳለሁ። ጠዋትና ማታ የሳቸውን የደም ግፊት እለካለሁ፤ የኔን የለካ ቢኖር አልጋ ያስይዘኝ ነበር። ጠያቂ ሲመጣ ጋሽ ሞላ ጥቁሩን ያስወልቃሉ፣ በምትኩ የሚለብሰው ይሰጣሉ፤ ለዚሁ ብለው ያስቀመጡት ነጭ ነጠላ አለ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲስተር» ይሉኛል ሹክ ብለው። «የት ልትደብቁት ነው?»

የምታሳዝነኝ አስቴር ነበረች። ከሰዓት ላይ ከሰሚት ጥቁር ለብሳ ትመጣለች። ዘበኛ ቤት ትገባለች። ስትወጣ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀለም ነካ ነካ አድርጋ፣ «እማዬ! እንዴት ዋልሽልኝ!» እያለች ነው። ትስማቸዋለች፣ ትቀልዳለች፣ የሰፈር ወሬ ታወራለች። ስትሄድ ተመልሳ ጥቁሯን ትለብሳለች። እዚያ ግቢ ውስጥ እንባዋን አይቼ አላውቅም።

አባ ቶላ የመጡ ቀን ግን ጉድ ፈላ። አባ ቶላ የእማማ ድንቄ የልጅነት ጎረቤት ናቸው፤ ጆሯቸው አይሰማም። ከጎረቤት ግቢ በጓሮ በር ነው የገቡት፤ ጋሽ ሞላ አላዩአቸውም። እኔ ቴርሞሜትር እያጸዳሁ ነበር። ጥቁር ካፖርት እንደለበሱ በሩ ላይ ቆሙና፣ ጆሮው የማይሰማ ሰው እንደሚናገረው በጩኸት፣ «ድንቄ! እግዜር ያጽናሽ!» አሉ።

በቆምኩበት ደረቅኩ። ቴርሞሜትሩ ወድቆ ተሰበረ።

«ለምኑ?» አሉ እማማ።

«ለበሽታው ነው! እግዜር ይማርሽ ለማለት ነው!» ብዬ ጮህኩ። አባ ቶላ ጆሯቸውን ወደኔ አዘነበሉ። «ምን አለች?» ክንዳቸውን ይዤ እየገፋሁ ነው ያወጣኋቸው። ሽማግሌ ገፋሁ። ላብ አጥምቆኝ ስመለስ እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። የልብ ምታቸውን ቆጠርኩ፤ ፈጥኗል፤ ግን እየመታ ነው። ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ለማ መጠየቃቸውን ተዉ።

መጀመሪያ እፎይ አልኩ፤ ሞኝ አይደለሁ! ቀናት ሲያልፉ ግን ከጥያቄው ይልቅ ዝምታው አስፈራኝ። እናት እንዴት ስለ ልጇ አትጠይቅም? ምግብ ቀነሱ። እግራቸው አበጠ፤ ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቴ ስጫን ጎድጉዶ ይቀራል። ሐኪሙ የሽንት ማብዣ ኪኒኑን ጨመረላቸው፤ ለውጥ የለም። አስቴር ስትመጣ ፊቷን ትክ ብለው ያያሉ።

አንድ ከሰዓት ጥፍራቸውን ስቆርጥላቸው፣ «ልጅ አለሽ?» አሉኝ።

«አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፣ እማማ። ኤርፖርት ካርጎ ነው የሚሠራው።»

«እሱ አንድ ነገር ቢሆን፣ አገር ሁሉ አውቆ አንቺ ብቻ ሳታውቂ ብትቀሪ፣ ምን ትያለሽ?»

መቀሱ በእጄ ላይ ቀረ። «ውሃው ፈላ» ብዬ ወጣሁ። የጣድኩት ውሃ አልነበረም። ኩሽና ገብቼ ያን ጊዜ ጣድኩ።

አስቴር ስትመጣ ዘበኛ ቤት ተከትያት ገባሁ። «አርባው ሊደርስ ነው» አልኳት። «የልጃቸው አርባ ሲወጣ እሳቸው እዚህ ሾርባ ይጠጡ?»

«አንቺ ነርስ ነሽ፤ ነርስነትሽን ሥሪ!»

«እየሠራሁ ነው እኮ! ሴትየዋ እያለቁ ነው አስቴር። እግራቸውን አላየሽም? ደብቀናቸውም እየሞቱብን ነው።»

«ወንድሜን ቀብሬ እናቴን ደግሞ ልቅበር? ከሞተችብኝ በአንቺ ነው! ስሚኝ፣ በአንቺ ነው!»

«እሺ። በእኔ ይሁን» አልኩ። አፌ ነው ያለው። አስቴር የለበሰችውን ጥቁር ነጠላ ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ፣ «ሐኪሙን ጠይቂው» አለችኝ።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «አደጋ አለው» አለኝ በስልክ። «አሁን ያለውም አደጋ ነው። ብቻቸውን ሆነው እንዳይሰሙ። አንቺም ከጎናቸው እንዳትነሺ።» ከዚያ ምን ምን ማዘጋጀት እንዳለብኝ ነገረኝ።

መርዶ ወግ አለው። ማልዶ ነው የሚነገረው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌና በንስሐ አባት አንደበት። እኔም በበኩሌ ተሰናዳሁ። የኦክስጅን ሲሊንደሩን ከመጋረጃው ኋላ አቆምኩ፣ መለኪያውን አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። የሐኪሙን መርፌ በፎጣ ሸፈንኩ። ኪኒናቸውን ቀደም አድርጌ ሰጠሁ። ሆስፒታል መሮጥ ቢያስፈልግ ብለን የአስቴር መኪና ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ቆመች። በልቤ ግን የማየው ያንን የዋርዱን ሰው ነው።

እማማን ፊታቸውን አጥቤ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ኮቴ ተሰማ። የንስሐ አባታቸው ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ አስቴር ከነሱ ኋላ ገቡ። ሁሉም ጥቁር እንደለበሱ ናቸው። እማማ አንድ በአንድ አዩአቸው። አስቴርን በጥቁር ልብስ ሲያዩ ዓይናቸው እዚያው ቀረ።

«ነጠላዬን አቀብይኝ» አሉኝ። አለበስኳቸው። ጥለቱን ወደ ፊት አዙረው እንደ ሐዘንተኛ አጣፉት።

«አባ፣ ለማ ነው?» አሉ ወደ ንስሐ አባታቸው ዞረው።

«አዎ ልጄ። ለማ ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ጣቴ የእጃቸው አንጓ ላይ ነው። ምቱ ሮጠ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ሮጠ። አልዋሻችሁም፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ያ ኢልመ ኮ!» አሉ። ልጄን ማለታቸው ነው። ድምፃቸው የቤቶኔራውን ጩኸት አልፎ ወጣ። ወዲያው ሰው ዱብ ሲል ሰማሁ። አበቃልኝ ብዬ ዓይኔን ስገልጥ እማማ ድንቄ እንደተቀመጡ ናቸው። የወደቀችው አስቴር ናት።

ያ ሁሉ ዝግጅት ለእናት ነበር፤ ለልጂቱ ማንም አላሰበላትም፣ እኔም ጭምር። በጉልበቴ ተንፏቅቄ ደረስኩና እግሯን ከፍ አደረግኩ፣ የአንገቷን ልብስ አላላሁ። ስትነቃ ያለቀሰችው ልቅሶ፣ ስንት ዓመት ዋርድ ሠርቼ የዚያን ዓይነት ሰምቼ አላውቅም። እማማ ከአልጋው ሲንሸራተቱ አየሁና «እማማ፣ ይተዉ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ሊሰማኝ! መሬት ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«ብቻሽን?» አሏት። «ይሄን ሁሉ ቀን ብቻሽን አለቀስሽ?»

እኔ ኦክስጅኑን ይዤ ቆሜያለሁ። ለማን እንደምሰጠው አላውቅም።

ድንኳን ተተከለ። እማማ ድንቄ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን በኦሮምኛ እያነሱ አለቀሱለት፤ እኔ ከኋላቸው ግፊት መለኪያዬን በነጠላ ሸፍኜ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ትንፋሻቸው አጠረና ኦክስጅን ላይ አደረግኳቸው። ያን ቀን የፈራሁትን ያህል በዕድሜዬ ፈርቼ አላውቅም። አለፈላቸው። እንዲያውም ሰነበት ሲል መብላት ጀመሩ፣ እብጠቱም ጎደለ። አርባው ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን በተሽከርካሪ ወንበር የገፋኋቸው እኔ ነኝ። ዓመቱንም አወጡለት። ከዚያ በኋላ ነው ያረፉት፤ አስቴር እጃቸውን ይዛ።

አንድ ቀን ገላቸውን ሳጥብ ጠይቄያቸው ነበር፤ «እማማ፣ አባ ቶላ የመጡ ዕለት አላወቁም ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር» አሉኝ። «በጥርጣሬ ግን አይለቀስም። ልጄ በሕይወት ቢኖርስ? በቁሙ ላሟርትበት ነው? አልቅሼ እንዳይወጣልኝ አልሞተም ትሉኛላችሁ፤ ዝም እንዳልል ሆዴ ሞቷል ይለኛል። መሃል ላይ አሰራችሁኝ እኮ፣ ልጄ።»

አንሶላውን አስተካክዬ ሌላውን ክንድ ማጠብ ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ገብቼ ሠርቻለሁ። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም ጡረታ ወጥቼ ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ። ወጣት ነርሶች ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ግን ይህንን ነው። አረጋውያንን ከሐዘን ማዳን አይቻልም። ሲያዝኑ አጠገባቸው መቀመጥ ይቻላል፤ ሥራችንም እሱ ነው።