ከራሴ የወደቀች የቅቤ ጠብታ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም አልነገርኳትም። በጸሎት ቤት ተንበርክኬ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር እንኳ ይህችን እዘላታለሁ። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። እኔ የወንድሜን ሥራ አበላሸሁ፤ አበላሽቼም ዝም አልኩ።

ታላቄ ማቴዎስ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ይጠብቅ ነበር። ከመሄዱ በፊት ማየት የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። አንድ ምሽት የእናታችንን ነጠላ በመንገድ መብራት ፊት ዘርግቶ፣ "በዚህ በኩል እይ" አለኝ። አንዱ መብራት በመስቀል ቅርጽ ተበትኖ ብዙ ሆነ። ብርሃን እንደ ሐይቃችን ሞገድ ስለሆነ በክሮቹ መካከል ሲያልፍ እንዲህ ይሆናል አለኝ። ኤሌክትሮንም እንደ ሞገድ ስለሚሆን፣ በስስ ግራፋይት ውስጥ ቢያልፍ የብርሃን ቀለበት ይሠራል። መጽሐፍ ላይ አንብቦታል፤ በዓይኑ ግን አላየውም።

ስለዚህ ራሱ ሊሠራው ተነሳ። የአሮጌ ማቀዝቀዣ ሞተር አየር መምጠጫ ሆነ። ከመኪና በተነቀለ ኮይል ኃይለኛ ኤሌክትሪክ አገኘ። የእርሳስ ግራፋይት በፕላስተር እየላጠ፣ እየላጠ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ አሳሳውና አየሩ ከሚመጠጥ ትልቅ ጠርሙስ አፍ ሥር አኖረው። ማቀዝቀዣውን የሰጡት ባለሱቁ ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ቱቦዎቹን አይተው ሳቁ።

"ማቴዎስ፣ በኔ ማቀዝቀዣ አረቄ ልታወጣ ነው እንዴ?"

"አየር ነው የማወጣው፣ ጋሽ ከድር።"

"አየር! እሱማ በነፃ ሞልቷል፤ ምን አለፋህ!"

ሊሞክረው ያሰበው በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ማግስት፣ በጨምበላላ ቀን ነበር። ያን ቀን እኛ ልጆች ከቤት ቤት እየዞርን በቅቤ የራሰ የቆጮ ቡርሳሜ እንበላለን፤ እናቶች ራሳችንን ቅቤ ይቀቡናል። ተቀብቼ ወደ ቤት ስመለስ ማቴዎስ በዓሉ በሚከበርበት ሜዳ፣ ጉዱማሌ ነበር። ጠርሙሱ ገና አልታሸገም። እንዳልነካው ተነግሮኛል። ግን ጥቁር ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ምን ይመስላል? ማየት ብቻ ነው አልኩ። ክዳኑን አነሳሁ፤ ጎንበስ አልኩ። ፀሐይ ያቀለጠው ቅቤ ከግንባሬ ግራፋይቱ ላይ ጠብ አለ። በእጅጌዬ ጠረግኩት፤ ይባስ ተለቀለቀ። ክዳኑን መለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ማቴዎስ መጥቶ ክፍሉን አጨለመ። ሞተሩ ጮኸ። ጠርሙሱ ግርጌ ላይ ደብዛዛ የብርሃን እድፍ ታየ። ቀለበት ግን የለም። ደጋገመው፤ የለም።

"ስህተቴ የት ነው?" አለ።

እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ ቅቤ ቅቤ እየሸተትኩ፣ ዝም አልኩ። ምን ፈራሁ? ቢበዛ ኩርኩም ነው። እርሳስ በየሱቁ ነበር። ብነግረው ሌላ ይልጥ ነበር።

ጥሪው ወዲያው ደረሰ። መኪናው ላይ ሲሳፈር፣ "ስማ፣ አንተ ፊዚክስ ስትማር ስህተቴን ፈልግልኝ፤ ስመለስ ትነግረኛለህ" አለኝ።

እሺ አልኩት። እሺ!

አልተመለሰም። ባለፈው ክረምት መርዶው መጣ።

አሁን ፊዚክስ እማራለሁ። አስተማሪዬ የማቀዝቀዣ ሞተር ያን ያህል አየር አይመጥም ይላሉ። ምናልባት ያለ ቅቤውም ቀለበቱ አይታይም ነበር። አላውቅም። ግን ይህን መጽናኛ አላደርገውም፤ ማወቅ የነበረበት እሱ ነው፣ እኔም ነጠቅሁት። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችለው የለም።

አንዳንድ ማታ የእናቴን ነጠላ ዘርግቼ የመንገዱን መብራት አያለሁ። ያው ይበተናል።

ማቴዎስ፣ ስህተትህን ለማግኘት ፊዚክስ መማር አላስፈለገኝም። አጠገብህ ቆሞ ነበር።