ብርጭቆ አጣቢው መምህር

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ምርቃቴን ሊቀበል ቤቴ መጣ። ከቅርቡ ጦርነት ወዲህ መጽሐፉ ተዘርፎ ባዶውን የቀረ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ በክረምት ተምሮ ዲግሪውን ያዘና ዘንድሮ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኗል። "አባባ፣ እርስዎ መጀመሪያ ክፍል ሲገቡ ፈርተው ነበር?" አለኝ። ሳቅኩ። ገብቼ መውጣቴን እንዴት ብዬ ልንገረው?

የደርግ ዘመን ማለቂያ ነበር። እኔ መርሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ረዳት ነበርኩ። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ሥራዬ ብርጭቆ ማጠብ፣ ሰሌዳ መጥረግና ለኬሚስትሪ መምህሩ ዕቃ ማቀበል ነው። ነጭ ጋዋኔን ለብሼ በገበያ ሳልፍ ግን ባላገሩ "ዶክተር" ይለኛል፤ እኔም አላርመውም። ጦርነቱ ከሰሜን ወደ ወልድያ እየተጠጋ ነበር። ወጣት የጫኑ መኪኖች በአስፋልቱ ሽቅብ ያልፋሉ፤ ሲመለሱ ባዷቸውን ናቸው።

የኬሚስትሪ መምህሩ ዘመድ ሊጠይቅ ደሴ ሄዶ በዚያው ቀረ። ዳይሬክተሩ ጠራኝና ከነገ ጀምሮ አሥራ አንደኛ ክፍልን እንዳስተምር ነገረኝ። እኔ ራሴ ኬሚስትሪን በስንት ጸሎት እንዳለፍኩ አስታወስኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "መምህር የሌለው ክፍል ይዘጋል። ለጦርነት የሚያፍሱት የቀበሌ ታጣቂዎች ተማሪ ነው ከተባለ እስካሁን ይተዉታል። ክፍሉ ከተዘጋ እነዚያን ልጆች ማን ይተዋቸዋል?"



በማግስቱ ጋዋኔን አስተኩሼ ገባሁ። ሰሌዳውን ጠረግኩ፤ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ከዚያ እንደ ልማዴ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። መምህሩን መጠበቄ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሲሪንቃ በኩል በእግሩ የሚመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማያንስ ሰይድ የሚባል ጎረምሳ ጥንቅሹን እየላጠ በመስኮት ብቅ አለና፣ "ጋሼ፣ መምህሩ እስኪመጣ ገብተው ያጫውቱን" አለኝ።

ገባሁ። የያዝኩትም ያው ማጫወቱን ሳይሆን አይቀርም። አንብቤ የገባኝን እነግራቸዋለሁ፤ ያልገባኝን "ይህን ነገ" እላለሁ። የማሽላ እሸት ወቅት ነበርና ክፍሉ ሁሉ በየኪሳቸው በሚይዙት ጥብስ እሸት ይታወዳል።

ማሽላው ለአጨዳ ሲደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ታጣቂዎች አስከትሎ መጣ። ገና ሲያየኝ፣ "አንተ ብርጭቆ አጣቢው አይደለህም እንዴ?" አለ። ነኝ አልኩት፤ ትንሽ ከተማ ነው፣ ምን ይደበቃል።

"እስቲ አስተምር" ብሎ ኋላ ተቀመጠ። ታጣቂዎቹ ደጅ ቀሩ።

ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ውሃ የሚሆኑበትን ቀመር ጻፍኩ። ግራና ቀኙ አልመጣጠን አለኝ። ጠርጌ ደግሜ ጻፍኩት፤ ያው ነው። ላቤ በጋዋኑ ውስጥ ይወርዳል። ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁና አበቃልን አልኩ። የተነሳው ሰይድ ነበር።

"መምህር" አለ፣ ረጋ ብሎ። "ትናንት እንዳስተማሩን ከሆነ፣ ከሃይድሮጅኑም ከውሃውም ፊት ሁለት ይገባል?"

ትናንት ስለ ጨው ነበር የለፈለፍኩት። "ይገባል" አልኩና ጻፍኩ። ክፍሉ በሙሉ፣ ትናንት የተማረውን እንዳስታወሰ ሰው፣ ራሱን ነቀነቀ። ሊቀመንበሩ ጥቂት ቆይቶ ሱሪውን አራግፎ ወጣ።

ክፍሉ አልተዘጋም። ሰይድ ግን በአንድ የገበያ ቀን ከትምህርት ቀርቶ የእናቱን ማሽላ ሲሸጥ ከገበያው አፈሱት። ተማሪ ነኝ ብሏቸው ነበር አሉ። "ተማሪ ከሆንክ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አሉት። አልተመለሰም።

እናቱ በኋላ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። "መምህሩ አንቱ ነዎት? ሰይድ ስለርስዎ ያወራኝ ነበር፤ አላህ ይስጥልኝ" አሉኝ። ምን ይል እንደነበር መጠየቅ ፈራሁ።

ጦርነቱ ሲያልፍ ተምሬ የምር መምህር ሆንኩ፤ በዚያው አርጅቼ ጡረታ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን፣ ቢረብሽም ቢያረፍድም፣ ከክፍል ያስወጣሁት ተማሪ የለም። ባልደረቦቼ ልፍስፍስ ይሉኝ ነበር፤ አልተሳሳቱም፣ ክፍሌ ሲንጫጫ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። እኔ ግን አንዱን "ውጣ" ልለው አፌን በከፈትኩ ቁጥር ያ ገበያ ፊቴ ይደቀናል።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ልጅ አልነገርኩትም። መረቅኩትና፣ "ልጆቹ ብቻ ውስጥ ይሁኑልህ፤ ትምህርቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል" አልኩት። ቀልድ መሰለውና ሳቀ። ቀልደኛ ሽማግሌ ነኝና አልፈረድኩበትም።