ሌንጮ «ናጋ» ሲል

ሃምሳ አለቃው ባሌ ካረፈ ወዲህ አንዱን ክፍል ለትንቢት አከራይቻለሁ። ከደብረ ማርቆስ እዚህ ነጌሌ የመጣች የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ስሟ ትንቢት፣ ሥራዋ ማታ ማታ ግቢዬ ውስጥ ካሜራ ተክሎ ሰማይ ሰማይ ማየት! ታዲያ ሰፈሩ ምን ይበላት? ኮከብ ቆጣሪ አላትና አረፈው።

እሷ የምታድነው ድንገት ቦግ ብሎ እልም የሚል ብርሃን ነው። አንዳንድ ኮከብ እንዲህ ያደርገዋል አሉ። የእሷ ብጤዎች በቴሌግራም ተሰባስበዋል፤ ሕጋቸው ደረቅ ነው። ሌላ ከተማ ያለ ሰው በራሱ ካሜራ ካላየው፣ አየሁ ማለት አይቻልም። እንደመጣች ሰሞን ጉደኛዋ «አገኘሁ!» ብላ ለፈፈች። ለካ ከከተማችን የጦር ሰፈር ለልምምድ የተተኮሰ የሚያበራ ጥይት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ «ጥይቷ» ይሏታል፤ ጉብዝናዋን እያደነቁ እንዳይመስላችሁ። አንጀቷ እርር ብሎ፣ «ሁለተኛ ከተሳሳትኩ ካሜራውን ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ» ብላ ምላለች።

አንድ ሌሊት፣ ገና ጨለማ ነው፣ በሬን ደበደበችው።

«እትዬ በዛብሽ፣ ይነሱ! መጣ!»

ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ካሜራዋ ላይ አንዲት ነጥብ አሳየችኝ፤ ቀድማ ባነሳችው ፎቶ ላይ የለችም። ሌላ ልታነሳ ስትል ደመናው መጥቶ ሰማዩን ጥርቅም አደረገው። ልጅቷ ልታብድ ደረሰች። የቀረላት ዱብሉቅ የምትባል ሌላ ከተማ የሚያስተምረው ሌንጮ ነው፤ እሱም ካሜራ አለው። ደወለችለት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ በእንቅልፍ ድምፅ «ናጋ? ናጋ?» ሲል እኔም ሰማሁት። ጥርቅም ብሎ ተቋረጠ።

ትንቢት መሬት ላይ ዘጭ አለች። «ነጋ አለኝ። ዱብሉቅ ነግቷል። አለቀልኝ፣ እትዬ።»

ወይ ጉድ! ናጋ እኮ በኦሮምኛ ሰላም ማለት ነው፤ ሰውየው ደህና ነሽ ወይ ነው የሚላት። ልንገራት ብዬ አፌን ስከፍት ሳቁ ይቀድመኛል።

«ምን ያስቅዎታል?» አለች እንባዋ እየመጣ። ወዲያው ቀና ብላ ጨለማውን አየችው። «ቆይ፣ ዱብሉቅ ከእኛ በስተምዕራብ አይደለም እንዴ? እኛ ጋ ሳይነጋ እዚያ እንዴት ይነጋል?» አፏን በእጇ ያዘች። «ናጋ! ሰላምታ ነው!»

ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ተንፈራፈርን። ድንገት ብርሃኑ ሊያመልጣት መሆኑ ትዝ አላትና ተስፈንጥራ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ካሜራውን ወዴት እንደሚያዞር አዘነበችበት።

«እሺ፣ ሱሪ ልልበስ» አላት።

«ሱሪውን ተወው!» ብላ ጮኸች። እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ።

ፎቶው ስልኳ ላይ ገባ። ነጥቧ እዚያችው ቦታ ላይ አለች፤ ግን በጣም ደክማለች። እኔ ቅር አለኝ። እሷ ግን ወገቤን ይዛ ታሽከረክረኝ ጀመር።

«ደብዝዟል እትዬ! እየጠፋ ነው!»

የካሜራ እድፍ አይደበዝዝም፤ የጦር ሰፈር ጥይትም ዱብሉቅ ድረስ አይታይም። የሚጠፋው እውነተኛው ነው። ፎቶዎቹን ለቴሌግራም ብጤዎቿ ላከች። ስልኳን ጨብጣ ግቢውን ስትዞረው ቆየችና መልሱ መጣ። «ተረጋግጧል» ይላል፤ ከሥሩ የእሷና የሌንጮ ስም አለ። ልታነብልኝ ጀምራ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም ደስታው ገነፈለብኝና እልልታውን አቀለጥኩት።

የአጥር ጎረቤቴ ቀድሪያ ከእንቅልፏ ተነስታ እየሮጠች መጣች። «ማን ተገላገለ?»

«ትንቢት» አልኳትና ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ቀድሪያ እንባዋን በሻሿ የምትጠርገውን ልጅ ትክ ብላ አየቻት።

«እና ይሄስ መገላገል አይደለም?» አለችና ተመልሳ ገባች። ሲነጋ ቅቤው የሚንሳፈፍበት ትኩስ ገንፎ ይዛልን መጣች፤ ትንቢትም እንደ አራስ ተደግፋ በላችው።