ኮሸሽላ የበቀለባቸው ምሰሶዎች

መካነ ሰላም ውስጥ ግንበኛው ይሄነው ያልገነባው የድንጋይ አጥር የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንድ ጉድ ብቻ አለበት፤ «አልችልም» የምትለዋን ቃል እናቱ ሳታስተምረው ቀርታለች።

አምና እመት ኸዲጃ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ልጃቸው ዘሊካ ሪያድ ሆና እዚህ በምታሠራው ቤት በረንዳ ላይ አራት ምሰሶ እንዲቆም ፈልጋለች፤ ፎቶውም ይኸው። የጥንት ግሪኮች ለቤተ መቅደሳቸው ያበጁት ዓይነት ነው፤ ዛሬ ከሪያድ እስከ ደሴ ያለ ሀብታም ሁሉ በሩ ላይ ያቆመዋል። አናቱ ዙሪያውን ቅጠል ነው።

«ልጄ፣ ትችለዋለህ?»

«አብሽሩ እመት ኸዲጃ፣ ምን አላት!» አለ ይሄነው።

ፎቶው ደብዛዛ ነበር። ቅጠሉን ቢያየው ቢያየው ጎመን መሰለው፤ በሲሚንቶ ጎመን ሠራ። ኧረ እንዴት ያለ ጎመን! መንገደኛው ሁሉ «እመት ኸዲጃ፣ ሥጋው መቼ ይገባል?» እያለ ያልፍ ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ዘሊካ ከስምንት ዓመት በኋላ በሳምንቱ ልትመጣ ነው። «ይህን አይታ ቢከፋት በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አሉ። ይሄነው አፈረ፤ ጎመኑን በመዶሻ አወረደው።

በማግስቱ ድንጋይ ሊያመጣ ወደ ወንዙ ሲወርድ ኮሸሽላ እጁን ወጋው። ሊራገም አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ዳር ዳሩ የተሰነጣጠቀ፣ ጫፉ የታጠፈ ቅጠል፤ የፎቶው ቅጠል ራሱ! አንድ ሸክም አጭዶ ተመለሰ፤ ቅጠሉን እርጥብ ጭቃ ላይ እየተጫነ ቅርጹን አወጣ፤ ሲሚንቶ ሞላበት። እሾሁ ሳይቀር ወጣ። መንደሩ አሁንም ሳቀ፤ አረም ምሰሶ አናት ላይ የሚሰቅል ግንበኛ አይተን አናውቅማ።

ዘሊካ መጣች። እናቷን አቅፋ፣ አልቅሳ ስትጨርስ መሰላል ጠየቀች። ወጥታ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ይሄነው ከታች መሰላሉን ይዟል።

«ወላሂ ራሱ ነው» አለች። «የምሠራላት ማዳም ቤት እንዲህ ያሉ ምሰሶዎች ስምንት ነበሩ። በየሐሙሱ እንዲህ ወጥቼ እያንዳንዷን ቅጠል በጥርስ ብሩሽ አጥብ ነበር።» ወደ ታች አየችው። «ይህንንስ ማን ነው የሚያጥበው?»

ይሄነው ግራ ገባው። «ዝናቡ ነዋ!»

ዘሊካ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ወርዳም «እንግዲያ መሰላሉን ይዘህልኝ ሂድ» አለችው።