አጎቴ የነበሩበት ክብ

አጎቴ ካረፉ ሁለት ወር ሞላቸው፤ ጥያቄያቸው ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ወናጎ ውስጥ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሰብሳቢ ነበሩ። ብድር ፈልጎ ዋሱን ይዞ የመጣውን ሁሉ፣ "ሁለታችሁ ቡናችሁን ለማን ነው የምትሸጡት?" ይሉታል። ለአንድ ነጋዴ ከሆነ፣ "እሱ የከሰረ ቀን አብራችሁ ነው የምትወድቁት፤ ሌላ ዋስ አምጣ" ብለው ይመልሱታል። ሌላ ዋስ ላጣው ደግሞ ራሳቸው ይፈርሙለታል።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ የኔትወርክ ሳይንስ የሚባል የትስስር ጥናት ስማር፣ የአንዱ ባንክ ኪሳራ ሌላውን ይዞ እንዴት እንደሚወድቅ ሲያስረዱን አጎቴን የሰማሁ መሰለኝ። የማኅበሩን አባላት በክብ፣ ዋስትናቸውን በመስመር ኮምፒውተር ላይ ስዬ በኩራት አሳየኋቸው። ከሁሉ ይልቅ መስመር የበዛበትን ክብ በጣታቸው ነክተው፣ "ይሄ ማነው?" አሉኝ።

"እርስዎ ነዎት፣ አጎቴ።"

ጣታቸውን ከክቡ ላይ ሳያነሱ፣ "እኔ ብሞትስ?" አሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ በየቤቱ እየዞሩ፣ "በእኔ ቦታ ሌላ ዋስ ተካ" ማለት ያዙ። "ምን በደልንዎት?" ብሎ የተቀየማቸው ብዙ ነው። መታመማቸውን ለእኛም አልነገሩንም ነበር።

ትናንት ስዕሉን ከፍቼ አዲሶቹን ዋሶች አስገባሁና የእሳቸውን ክብ አጠፋሁት። ያለ ዋስ የቀረ አንድም አባል የለም። ያኔ ስስለው ግን በእሳቸው ተደግፌ የኖርኩትን ራሴን አላስገባሁም ነበር።