ከነማኅደሩ የተለካው መጽሐፍ

የቀድሞ አለቃዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ሦስት ጊዜ ደወለ፤ በሦስተኛው አነሣሁት። ዕድሜውን ሙሉ «አንቺ» ሲለኝ የኖረ ሰው «እንደምን ከረሙ?» አለኝ። አንድ ነገር እንደፈለገ ያን ጊዜ አወቅሁ።

የፈለገው የማስታወሻ ደብተሬን ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከጣና ደሴት ገዳም የተዘረፈው ባለሥዕል ተአምረ ማርያም ድንበር ማዶ ተገኝቷል። የዚያ አገር ሰዎች ግን በቅርስ ቢሯችን መዝገብ የሰፈረው መጽሐፍ በእጃቸው ካለው በጣም ስለሚበልጥ የእኛ አይደለም ብለው ጽፈዋል። መልስ የሚሰጠው እስከ ዓርብ ነው። አለቃዬ አሁን የቅርስ አስመላሽ ኮሚቴ አማካሪ ሆኗል።

መዝገቡ ለምን እንደተሳሳተ የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን። ቅርስ ልንመዘግብ የሄድን ዕለት፣ ሴት ደሴቱን ስለማትረግጥ እኔ ጀልባው ውስጥ ቀረሁ። እሱ ዕቃ ቤት ገብቶ መጽሐፉን ከነቆዳ ማኅደሩ ለካው፤ በኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ ምሳ ቀርቦ ነበርና ማኅደሩን መፍታት ሰነፈ። ከሰዓት በኋላ ዕቃ ቤት ጠባቂው መነኩሴ መጽሐፉን ይዘው ውሃው ዳር ወረዱ። «አንቺም ተሳለሚው፣ ልጄ» አሉኝ። ከማኅደሩ አውጥተው ያዙልኝ፤ እኔም በልብስ ስፌት ሜትሬ ለክቼ ደብተሬ ላይ ጻፍሁት። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሣለችበት ቅጠል ጥጉ ተቀድዶ በቀይ ክር መሰፋቱንም ጻፍሁ።

ቢሮ ስንመለስ ደብተሬን ሳያነብ መለሰልኝ። «ጀልባ ላይ ተቀምጣ የለካችውን ነው የምመዘግበው?» አለ። ባልደረቦቼ ሳቁ። የሳቁትን ዛሬም አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።

ከስልኩ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ፔዳ ሰፈር ካለው ቤቴ እስከ ሐይቁ ዳር በቀን ሁለት ጊዜ እመላለስ ጀመር። ደብተሩን ብከለክል መጽሐፉ እዚያው ይቀራል። ብሰጠው ደግሞ እሱ ይመሰገንበታል።

ሐሙስ ጠዋት የነሱን ደብዳቤ ይዞ ቤቴ መጣ።

«ደብተሩን ብቻ ይስጡኝ፤ ፎቶ አንሥተን እንመልሳለን።»

«መጀመሪያ የነሱን ልክ ያንብቡልኝ።»

አነበበልኝ። ቁመቱ ከእኔ ጋር አንድ ነው፤ ስፋቱ ግን ከእኔው በግማሽ ጣት ያንሳል። ስነግረው ደብዳቤውን ደግሞ አየ።

«ብራና እኮ በሙቀት ይኮማተራል» አለ ፈጥኖ። «የእርስዎ ልክ ትክክል ነው።»

«ያን ጊዜ ትክክል አልነበረም።»

«እህቴ፣ የድሮውን እንተወው።»

«የተጠየቁት እኮ የድሮውን ነው። ስለ ስፌቱስ ምን ይላሉ?»

ገጹን ገለጠ። «አንድ ቅጠል ጥጉ ላይ ተሰፍቷል ይላል። የክሩን ቀለም አልጻፉም።»

«እኔ ጽፌዋለሁ። እነሱ ክሩን ይዩና ይመልሱ።»

እጁን ለደብተሩ ሲዘረጋ ባዶ ወረቀት አቀበልሁት። ከነማኅደሩ የለካው እሱ መሆኑን ጽፎ እንዲፈርም ጠየቅሁት።

«ይህን ካዩ በመዝገባችን ሁሉ ይሳለቁብናል» አለ።

«ካላዩ የኔና የእርስዎ ልክ ለምን እንደተለያየ ማን ያስረዳቸዋል?»

ብዕሩን አወጣ። ከዚያ «በልኬቱ ላይ ስህተት ተፈጥሯል» ብሎ ጻፈ።

«ማን ፈጠረው?» አልሁት።

ሰርዞ እንደገና ጻፈ፤ ፈረመም። ደብተሩን ግን አልሰጠሁትም። ነጠላዬን ለብሼ፣ ደብተሩን በብብቴ ይዤ፣ አብሬው ወደ ቢሮው ወጣሁ። ደብተሩ ፎቶ ሲነሣ አጠገቡ እቆማለሁ።