ዘከሪያ አሕመዲንን ከግራሩ ሥር ያስጠራበት ቀን

ባሌ ዘከሪያ ምን እንደሚሠራ ለአገር ቤት ሰው ማስረዳት አቅቶኝ ቀርቷል። ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎችን እዚህ ሳዑዲ ካሉት የባይሽ ገበሬዎች ጋር አንድ ማዕድ ላይ ያስቀምጣል፤ ሥራው ይኸው ነው። አንድ ማኅበር እንግዶቹን በአውቶቡስ ያመጣቸዋል፣ ዘከሪያ የሚያስተናግዳቸውን ቤት ይመርጣል፣ በመሐል ሆኖ ያስተረጉማል፤ እኔ ነዒማ ደግሞ ከጓሮ ሆኜ ሩዝና ፍየል እቀቅላለሁ። ባቲ ሳለን እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር፣ እዚህ ዓረብኛውን ጨመረበት። ሁለት አገር የሚወዳጀው ባለሥልጣን ስለተጨባበጠ ሳይሆን ገበሬና ገበሬ አብሮ ሲበላ ነው ይላል። አይ ዘከሪያ! ሲናገር ያምርበታል፤ ጉድ የሠራንም ይኸው አፉ ነው።

እንግዳ በሚመጣበት ቀን እርሻው ላይ ያሉት የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ሠራተኞች ሁሉ ይሰወራሉ። ከአውቶቡሱ ኋላ ሁሌም ፖሊስ አለዋ! ወደ ደረቁ ወንዝ ወርደው ግራር ሥር ይቀመጣሉ፤ አውቶቡሱ ሲሄድ ይመለሳሉ። አሕመዲን ከእነሱ አንዱ ነበር። የከሚሴ ገጠር ሰው ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ። በየመን በኩል በእግሩ ገብቶ፣ ለከፊላችን፣ በስሙ ለምንኖርበት ለእርሻው ባለቤት ለአቡ ፈህድ ፍየል ሲጠብቅና ማሽላ ሲያጭድ አራት ዓመት ኖረ። ሳቂታ ነበር፣ ሲስቅ ትከሻው ሁሉ ይስቃል።

ያን ቀን ከመጡት እንግዶች አንዱ ሽማግሌ ነበሩ፣ እሳቸውም በአገራቸው ገበሬ። የማሽላውን ራስ ዳበስ ዳበስ አደረጉና ይህን ያበቀለው ሰው የታለ ብለው ጠየቁ። አቡ ፈህድ መሬት መሬት አየ። ዘከሪያ ግን ዝም ማለት መች ያውቅበታል? ወደ ጓሮ መጣና አሕመዲንን ላስጠራው ነው አለኝ። አብደሃል ወይ አልኩት። ያበቀለው ሰው ተደብቆ ይህ ምን መስተንግዶ ነው፣ ደግሞ ፖሊሱም እጁን ታጥቦ እየበላ ነው፣ አብሮን የበላ ሰው ምን ያደርገናል አለኝ። ወላሂ፣ የወሎ ሰው ካልሆነ እንዲህ ብሎ የሚሳሳት የለም። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

"ና፣ እኔ አለሁልህ" አለው።

አሕመዲን ፊቱን ታጥቦ መጣ። ከእነላቡ እንዳይቀርብ ብዬ የዘከሪያን ነጭ ሸሚዝ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከበደሉ ድርሻ አለኝ። ሽማግሌው ጥምጥም አሉበትና አለቀሱ። ሁሉም ስልኩን መዘዘ። ፖሊሱ እውነትም ምንም አላለም፤ በልቶ አመስግኖ ሄደ። ጉዱ ከፎቶው መጣ። ማኅበሩ የዚያኑ ዕለት ገጹ ላይ ለጠፈው። በሦስተኛው ቀን ሌሎች ፖሊሶች ያንኑ ፎቶ በስልክ ይዘው መጡና አሕመዲንን ከፍየሎቹ መሐል ወሰዱት።

ታሰረ፣ ወደ አገሩ ተላከ። ሁለት ወር እንኳ አልቆየም፤ እንደገና ተነሣ። የመን በኩል ድንበሩ ጋ ደርሶ ለሚስቱ ለአሚናት "ነገ እገባለሁ" ብሎ ደወለላት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነው።

ከዚያ በኋላ ዘከሪያ ዘከሪያ አልሆነም። እንግዶች ከአውቶቡስ ሲወርዱ በስም ዝርዝሩ ይቆጥራቸዋል፤ ወረቀቱ አሥራ ሁለት ካለ እሱ አሥራ ሦስት ይቆጥራል። እንደገና ይቆጥራል፣ አሥራ ሦስት። ዓይንህን ተመርመር አልኩት። አንድ ቀን ግን ነጠቅ አድርጌ ወረቀቱን ወሰድኩና እኔው ቆጠርኩ፤ ወላሂ፣ አንድ ሰው ተረፈኝ። ለእሱ አሥራ ሁለት ናቸው ብዬ ዋሸሁት።

አሚናት ጁምዓ ጁምዓ፣ ሰላት እንደተሰገደ ትደውል ነበር። አሕመዲን ለእሷ የነገራት መንገድ ላይ ተያዝኩ ብሎ ነው፤ የእኛን ነገር ደብቆልናል። እሷም ጋሽ ዘከሪያ የዓለሙን እንግዳ ሲቀበል የሚውል ሰው ነው፣ ባሌ ከመጣ አያመልጠውም ብላ ታምናለች። በየሳምንቱ መጣ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ዘከሪያ አልመጣም ይላታል፤ ዱዓ አድርጎላት ይዘጋል። አንጀቴን ትበላው ነበር። ንገራት እለዋለሁ፤ ከነገርኳት ትረግመኛለች ይላል። እሱ የፈራው እርግማኗን ነበር።

የዛሬ ሁለት ወር ግን መጣ ወይ ስትለው አልቻለም። የስልኩ ድምፅ ማጉያ ክፍት ነበር፣ ሁሉንም እሰማለሁ።

"አሚናት እህቴ፣ እኔ ነኝ ያስያዝኩት። ከተደበቀበት ጠርቼ፣ እንግዳ ፊት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

እየጮኸች ትረግመዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ዘከሪያም አንገቱን ደፍቶ ይህንኑ ይጠብቃል።

"ጋሽ ዘከሪያ፣ ከጠራኸውስ ወዲያ አበላኸው?" አለች።

ዘከሪያ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ራሴን ነቅንቄ ምልክት ሰጠሁት፤ በል፣ አዎ በላት፣ ሆዷ ይረፍ። እሱ ግን መዋሸት አልሆነለትም።

"አልበላም። ፎቶ ሲያነሱት ቆዩ። ከዚያ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው ተባለና የእንግዶቹን ዕቃ እንዲያወጣ አስነሣሁት።"

"እሺ" አለች። ዘጋችው።

አልረገመችውም። ተመልሳም አልደወለችም። እኛ ስንደውል አይነሣም። ጁምዓ ዘከሪያ ከመስጊድ ይመጣና ስልኩን ፊቱ አስቀምጦ ይቀመጣል። ምሳውን አቀርብለታለሁ፣ እስኪቀዘቅዝ ያየዋል። እኔም ብላ ማለቱን ትቻለሁ።